በአንድ ቅጽ የማይመዘኑ ጥናቶች፦ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለዩኒቨርሲቲ የምርምር ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የምርምር መገምገሚያ ቅጽ በየትምህርት ዘርፉ ጠባይ ተለይቶ እንዲዘጋጅ ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ላለፉት 22 ዓመታት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበትን ክፍል ይዤ ሠርቻለሁ። ተመራማሪ አይደለሁም። ተመራማሪዎች ደክመው የጨረሱትን የምረከብ፣ ቁጥር የምሰጥ፣ አቧራውን የምጠርግ፣ ጠያቂ ሲመጣም ከመደርደሪያ የማወርድ ሰው ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ከጽሑፍ ጋር የኖረ ሰው ሳያነብ አይቀርም፤ እኔም አንብቤያለሁ። ያነበብሁትና ሰሞኑን ያየሁት ነገር አልገጥም ስላለኝ ነው ወደ እናንተ የምጽፈው።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ጽሑፎቹ ሁሉ በጥቁር ጠንካራ ልባስ የተጠረዙ፣ ርዕሳቸውም በወርቅማ ፊደል የታተመ ስለሆነ ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ናቸው። ሲገለጡ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። በሕግ ጥናት የግርጌ ማስታወሻው ከዋናው ጽሑፍ በላይ ገጹን ይይዛል። የሒሳብ ጥናት አርባ ገጽ ላይሞላ ይችላል፤ ከእነዚያ ገጾች አንዲቱን ለመረዳት ግን አንድ ተማሪ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲመላለስ አይቻለሁ። የፎክሎር ጥናት ክብደቱ ከኋላ ነው፤ የአጨዳው ዘፈን፣ ሙሾው፣ ተረቱ፣ የነጋሪዎቹ ዕድሜና መንደር በአባሪው ውስጥ ተዘርዝሮ ይገኛል። በሕክምናው መጨረሻ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና ተሳታፊዎች እንዲፈርሙበት የተዘጋጀው የስምምነት ቅጽ አለ። የጂኦሎጂው ደግሞ ታጥፎ የገባ ካርታ አለው፤ ሲዘረጋ ጠረጴዛዬን በሙሉ ይሸፍናል። (ካርታውን በነበረበት እጥፋት የሚመልስ አንባቢ ጥቂት ነውና፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ተማሪዎች ካሉ በዚህ አጋጣሚ አደራ እላለሁ።)

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ አንድ የአማርኛ መምህር ወረቀት ሊያባዙ ወደ ክፍሌ መጡ። እኚህ ሰው ሰባት ክረምት ያህል ዕረፍታቸውን ትተው በየገጠሩ እየዞሩ፣ ገበሬዎች ለአፈርና ለእርሻ መሬት የሚሰጧቸውን ስሞች ሲሰበስቡ እንደ ኖሩ አውቃለሁ፤ ስለ አፈር የተጻፈ ጥናት ሁሉ ከእኔ ዘንድ እየተዋሱ ነበርና። ሥራውን ለመጨረስ የጠየቁት ገንዘብ የሁለት ተማሪዎች የትራንስፖርትና የውሎ አበል፣ አንድ የድምፅ መቅጃም መግዣ ነበር። የዘርፉ ሁሉ ንድፈ ጥናት የሚቀርብበት ቅጽ አንድ ነው። “ከጥናቱ የሚገኝ ምርት ወይም ቴክኖሎጂ” ይላል። “ቴክኖሎጂው የሚሸጋገርላቸው አባወራዎች ብዛት” ይላል። “ጥናቱ የሚያስገኘው ገቢ በብር” ይላል። መምህሩ በመጀመሪያው ሣጥን “መዝገበ ቃላት” ብለው ጻፉ፤ ሁለቱን ባዶ ተዉአቸው። ቅጹ በቀይ እስክሪብቶ “ችግር ፈቺ አይደለም” ተብሎበት ተመለሰ። በእጃቸው የያዙት ያንን ነበር። እንዲባዛላቸው የፈለጉት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ጥናት ችግር ፈቺ ይሁን መባሉን አልቃወምም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም ምን ሠራችሁበት ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በክፍሌ ውስጥም ለምንም ለማንም ሳይሆን ለዲግሪ ብቻ የተጻፉ፣ አንዱ ከሌላው ርዕስና መጠይቅ የተገለበጡ ጥናቶች እንዳሉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ችግር የሚፈታበት መንገድ በየዘርፉ የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ቅጹ የሚያውቀው አንዱን መንገድ ብቻ መሆኑ ነው።

ከዚያው ከአፈሩ ልጀምር። የመምህሩ መዝገብ “ዋልካ” ከሚለው ቃል ይነሣል፤ “መረሬ”ን፣ “ጭንጫ”ን፣ “ደለል”ን እያለ ይቀጥላል። ዋልካ ጥቁሩ አፈር ነው። በክረምት ውኃ ይዞ አይለቅም፤ የሰው እግር ይይዛል፣ በሬ ያዳክማል። በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። ገበሬው ይህን ሁሉ ጠባይ በአንዲት ቃል ይጠራዋል። ከመምህሩ መቀመጫ አሥር እርምጃ ርቆ ባለው የሲቪል ምህንድስና መደርደሪያ ላይ ደግሞ ስለዚሁ አፈር የተጻፉ ብዙ ጥናቶች ተደርድረዋል። መሐንዲሶቹ የሚያብጥ አፈር ይሉታል። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን ስላለበት በላዩ የተሠራን ቤት ከሥሩ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው ይህን አፈር አስቆፍሮ አውጥቶ በሌላ አፈር ለማስሞላት ስንት እንደ ከፈለ ይነግራችኋል። መሐንዲሱ ናሙናውን ወደ ቤተ ሙከራ ወስዶ የእብጠቱን መጠን በመቶኛ ያወጣል፤ ጥሩ ሥራ ነው። የትኛው ቀበሌ ውስጥ የት የት ቦታ ይህ አፈር እንዳለ፣ የትኛው ማሳ ከየትኛው እንደሚብስ ግን በመጀመሪያ የሚያውቀው በስሙ የሚጠራው ገበሬ ነው። ስሙን የሚሰበስበው ጥናት ነው እንግዲህ ቴክኖሎጂ የለውም የተባለው።

የግብርና ሰዎች ይህን አስቀድመው ያውቁታል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ጥቁሩ አፈር ውኃ እንዳያቁርባቸው፣ ማሳውን ካረሱ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ያነሣሉ፣ በመካከሉም ቦይ ያወጣሉ። ቤተሰቡ ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ከባድ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ (ዓመታቱን በዚህ ደብዳቤ በአብዛኛው የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጥቁር አፈርን ችግር ለማጥናት የተነሡ ተመራማሪዎች፣ ዓለም አቀፍ ተቋማትና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀሩ ተባብረው፣ ያንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው ሌላ ሳይሆን የገበሬው ማረሻ ነው፤ ሁለቱን አጣምረው ክንፍ ጨመሩበት። የመሐንዲሱ ሥራ የጀመረው ሌላ ሰው ሄዶ ገበሬዎቹ ምን እንደሚያደርጉ፣ ለምን እንደሚያደርጉ አይቶ ከጻፈ በኋላ ነው። በዛሬው ቅጽ ቢሆን ኖሮ ያ የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛውን ሣጥን በምን ይሞላው ነበር?

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልበል፤ ቅጹ ጥናቱ በአንድ የበጀት ዓመት ተጀምሮ እንዲያልቅ ይጠይቃልና። ጤፍ በጥቁር አፈር ላይ የሚችል ሰብል ነው። አበባው ግን ከዓይን የምታመልጥ ደቃቅ ነች፤ የምትከፈተውም ጠዋት ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው፤ ራሷን በራሷ ታዳቅልና ትዘጋለች። በዚህ ምክንያት ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ታምኖ ኖረ፤ አዳቃዮች የሚያደርጉት ከገበሬው ዘር ውስጥ የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ በደብረ ዘይት የአበባዋን ሰዓት ጠብቀው፣ በማጉያ መነጽር ሥር ወንዴውን አውጥተው ማዳቀል እንደሚቻል ሲያሳዩ ዘመኑ የ1970ዎቹ አጋማሽ ነበር። በዚያ ዘዴ ከተገኙት ሁሉ በስፋት የታወቀው ቁንጮ የሚባለው ዝርያ፣ የአንዱን ወላጅ ነጭነት ከሌላው ምርታማነት ጋር ይዞ ለገበሬ የተለቀቀው በ2006 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት አለ። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ በአንዱ ሐምሌ ላይ የአፈጻጸም ሪፖርት የተጠየቀ ተመራማሪ ከአበባና ከሰዓት በቀር የሚያሳየው አይኖረውም ነበር።

የዕፅዋት ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት ስም፣ መልክና መገኛ የሚዘረዝረው ታላቅ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1980 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2009 ነው። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች አሉበት። አንድ የፋርማሲ ተማሪ ስለ አንድ መድኃኒት ቅጠል ሊጽፍ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ያ ቅጠል የትኛው እንደሆነ በትክክል ማወቅ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ወደዚያ ሥራ ይላካል። አንድ የደረቀ ቅጠል በወረቀት ላይ ለጥፎ፣ ቀኑንና ተራራውን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ለማን እንደሠራ በዚያን ቀን አያውቅም።

በስብሰባ ሁሉ ስለ ችግር ፈቺ ምርምር ሲነሣ የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ይጠራል፤ ሊጠራም ይገባል። በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። የሚዘነጋው የታሪኩ ቀሪ ክፍል ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የሐይቅ ዛጎል ለመከላከል በሚውልበት አገልግሎቱ የባለቤትነት መብት ሲያስመዘግቡበት፣ ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት አጣቢዎች ድርሻ ምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ቤተ ሙከራ አይመልሰውም። የሕግ ምሁር የሚመልሰው ነው። በክፍሌ የሕግ መደርደሪያ ላይ በዚህ ጉዳይ የተጻፉ ጥናቶች አሉ፤ አንዳቸውም ምርት የላቸውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ ወዳለው ልምጣ። ከጥቁሩ አፈር ወደ ቀዩ አፈር ማለቴ ነው።

በደጋውና በወይናደጋው፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት አካባቢ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች እግራቸው ያብጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ደግሞ በቆላ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ለመለየት ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ አንድ ናቸው ተብሎ ታስቦ ነበር። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ትል ማግኘት ባለመቻሉ ዓይኑን ወደ መሬቱ አዞረ። ከአፈሩ የሚነሡ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሰውነትን ፈሳሽ የሚያስተላልፉትን ሥሮች እንደሚጎዱ አመለከተ። ይህን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት ብቻ አልበቃም፤ የጂኦሎጂ ካርታ አስፈለገ። ያ ሲዘረጋ ጠረጴዛዬን የሚሸፍነው ዓይነት ካርታ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁለት ሰዎች በባዶ እግራቸው ኖረው አንዱ ሲታመም ሌላው የማይታመመው ለምንድን ነው? ሕዝቡ በቤተሰብ ይሄዳል ይል ነበር። የዘረ መል ተመራማሪዎች በወላይታ አጥንተው በ2012 ባወጡት ውጤት ለበሽታው የሚያጋልጥ ውርስ መኖሩን አሳዩ። ከዚህ ጥናት በፊት የተሠራው ሌላ ጥናት ግን እኔን የበለጠ ነክቶኛል። ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት፣ በዘር የሚሄድ ነገር አለ ብንል የታማሚው ልጅ እንዳታገባ ምክንያት እንሆን ይሆን ብለው ሠጉ። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ማኅበረሰቡ ገብተው ይህን እንዴት ብናስረዳ ይሻላል፣ ፈቃድ ከማን፣ በምን ቃል እንጠይቅ ብለው አጠኑ። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሶሲዮሎጂ ሰዎች እንዳጠኑት ታማሚዎች ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዕድር ሲገለሉ ኖረዋል። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ደግሞ ጉዳቱን ወደ ገንዘብ መልሰው፣ በወላይታ ዞን ብቻ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አሰሉ። ከዚያም አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ካርታ ተሠርቶ፣ የታማሚዎቹ ብዛት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ተገመተ።

መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። እዚህ ላይ ሰው፣ “ታዲያ ለጫማ ይህ ሁሉ ጥናት?” ሊል ይችላል። አዎን፣ ይህ ሁሉ ጥናት። ጫማ እንደሚያድን የታወቀው ሐኪሙና ጂኦሎጂስቱ ስለተገናኙ ነው። ገንዘብ እንዲመደብለት መከራከሪያ የሆነው የኢኮኖሚክሱ አኃዝ ነው። ያበጠ እግር ያላት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣት የምትሸሸገው ለምን እንደሆነ የነገረን ከጎጆዋ በር ላይ ተቀምጦ ያዳመጣት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በእናንተ ቅጽ ፊት ቢቆሙ ከመካከላቸው “ምርት” አለኝ የሚለው ጫማ ሠሪው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ከዩኒቨርሲቲ አይደለም።

በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ የጀመረው የፋንታሌና የአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ክፍሌ በምህንድስና ተማሪዎች ተሞላ። የመጡት የጂኦፊዚክስ ጥናቶችን ፈልገው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ግን የጥንቱን ፈለገች። የልጅቱ ሐሳብ ትክክል ነበር። በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን በመሣሪያ በተከታታይ መመዝገብ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ ደግሞ በአንድ ቦታ በብዙ ትውልድ አንዴ ሊመጣ ይችላል፤ የስድሳና የሰባ ዓመት መዝገብ ይዞ የመቶ ዓመት ሕንፃ መሥራት ያስፈራል። ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን ይህን ገና ያኔ ተረድተውት ነበር። በ1961 ማጀቴን ያፈረሰውን የካራቆሬውን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ የመዘገቡት ሳይንቲስት፣ ከመሣሪያው በፊት የነበረውን ለማወቅ ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ አገላብጠው፣ በ1979 የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ተማሪዋ ያንን መጽሐፍ አውርጄ ስሰጣት፣ “ከዚህ ውጪ ያልታዩ ብራናዎች ይኖሩ ይሆን?” ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ግዕዝ መምህር ላክኋት። “ድልቅልቅ” የሚለውን ቃል በግዕዝ ጽሑፍ መካከል ፈልጎ የሚያገኝላት፣ ከዚያም የዓመተ ምሕረቱን አቆጣጠር የሚያቀናላት እርሱ ነው። የብራና ጥናት ከአገራዊ የትኩረት መስክ ውጭ ነው የሚል ወረቀት በዚያ መምህር እጅም እንዳለ በኋላ ሰማሁ።

ከመምህራንና ከተማሪዎች ውጭ ወደ ክፍሌ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ግን ነጠላ የለበሱ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ የሚሆን እናት በዘበኛ ተመርተው መጡ። አባታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ የታሪክ ተማሪ ስለ አካባቢያቸው አሰፋፈርና ስለ ረሃቡ ዘመን ነግረው ነበር፤ ያ ተማሪ ጽሑፉ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጣል ብሎ ነበር። አገኘሁላቸው። የአባታቸው ስም ከአባሪው ውስጥ፣ ከሰላሳ ሌሎች ሽማግሌዎች ስም ጋር፣ ከነዕድሜያቸውና ከነቀበሌያቸው ተጽፏል። ስሙን በጣታቸው ሲዳስሱት አየሁ። “ያለውን አንብቢልኝ” አሉኝ። የአባታቸው ቃል ግን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ነበር የገባው፤ በአማርኛ የተናገሩት አንድም ዐረፍተ ነገር አልቀረም። መልሼ እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው፤ የእኔ አማርኛ እንጂ የአባታቸው አልነበረም። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር።

ቅጹን ቀይሩት። ለሕክምናው፣ ለምህንድስናው፣ ለግብርናው የሚሆነው ቅጽ ለእነርሱ ይቆይ፤ ምርት የሚጠየቀው ምርት ካለበት ቦታ ነው። ለቋንቋ፣ ለታሪክ፣ ለሕግ፣ ለሒሳብ፣ ለፍልስፍና ግን በዘርፉ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ተቀምጠው የራሳቸውን መጠይቅ ያዘጋጁ። ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። የሚገመግመውም ሰው የዘርፉ ሰው ይሁን። የግዕዝን ንድፈ ጥናት የኬሚስትሪ ሰው፣ የኬሚስትሪውንም የግዕዝ ሰው ባይቆርጠው ለሁለቱም ክብር ነው።

በዕድገት አሰጣጥም ከመጽሔት ጽሑፍ ቁጥር ሌላ ነገር ይቆጠር። አንድ የተስተካከለ የብራና እትም፣ አንድ መዝገበ ቃላት፣ አንድ የዕፅዋት ዝርዝር፣ ለብዙ ዓመት የተያዘ የዝናብ መዝገብ ሥራ ነው፤ ከአምስት ገጽ መጣጥፍ የበለጠ ዕድሜ የሚበላ፣ የበለጠም የሚኖር ሥራ ነው። ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተለይተዋል፤ ቢያንስ በእነርሱ ዘንድ ለአምስትና ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ በጀት ይጀመር። ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በየዓመቱ እንዳይቋረጥ ማድረጉ ከመጠኑ ይበልጣል። በተለይም ሁለትና ሦስት ዘርፎች ተጣምረው ለሚያቀርቡት ጥናት የተለየ ቦታ ይኑር፤ ዛሬ የአፈር ሐኪምና የቋንቋ መምህር አብረው ቢያመለክቱ ወረቀታቸው በየትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው ወጪ የለውም። ከሰው አፍ የተሰበሰበ ቃል ያለበት ጥናት ሁሉ፣ ቃሉ በተነገረበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ ወይም በሌላ፣ እንዳለ በአባሪ እንዲገባ መመሪያ ይውጣ። ይህን እኔ በር ላይ ቆሜ ማስገደድ አልችልም፤ እናንተ ግን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ትችላላችሁ።

የአማርኛው መምህር በያዝነው ዓመት ጡረታ ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት ሰባቱን ክረምት የሰበሰቡበትን ሦስት ደብተር አምጥተው አስረከቡኝ። ባለ መቶ ገጽ የተማሪ ደብተሮች ናቸው፤ በየቃሉ አጠገብ የነገሯቸው ገበሬ ስምና ቀበሌ፣ በአንዳንዱም ገጽ ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልላ የተለጠፈች ቁንጥር አፈር አለች። የመመረቂያ ጽሑፍ ስላልሆኑ ቁጥር ልሰጣቸው አልቻልሁም፤ መጽሐፍ ስላልሆኑም ወደ መጻሕፍት ክፍል አልገቡም። ከጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ቅጹን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሲቋቋም ሊያያቸው ከፈቀደ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት በቦታዬ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ